የአማርኛ ድረ ገጽን በጉግል፣ በቢንግና በሌሎቹ እንዲገኝ ማድረግ፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

መነሻ

ሥራው፦ ወደ 1,800 ገጽ ያለው የአማርኛ የሕግና የአሠራር መረጃ ድረ ገጽ ከጉግል ውጭ ባሉ የፍለጋ ሞተሮችም እንዲገኝ ማድረግ። ገጾቹ ስለ ውክልና፣ ስለ ውርስ፣ ስለ ንግድ ፈቃድ እድሳት፣ ስለ ሥራ ውል ናቸው። አንባቢው አገር ቤትም ውጭም አለ። አገር ቤት ያለው በስልኩ ክሮም ከፍቶ ጉግል ላይ ይጽፋል። ዱባይ ወይም ዋሽንግተን ሆኖ በመሥሪያ ቤቱ ዊንዶውስ ኮምፒውተር ላይ «የውክልና ፎርም» ብሎ የሚፈልገው ግን፣ ማስተካከያውን ካልነካ፣ በኤጅ በኩል ቢንግ ላይ ነው ያለው። አይፎን ላይ ሳፋሪ ወደ ጉግል ይወስዳል።

ግቡ «አንደኛ መውጣት» አይደለም። ገጾቹ በእያንዳንዱ ኢንዴክስ (የፍለጋ ሞተሩ ያነበባቸውን ገጾች በሚያከማችበት ማውጫ) ውስጥ ይግቡ፤ ጠያቂው በየትኛውም አጻጻፍ ቢጽፍ ይውጡ። ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የማን ኢንዴክስ ነው?

የፍለጋ ሞተር ስም ብዙ ነው፤ ድሩን በራሱ ቦት (ገጾችን ራሱ እየከፈተ በሚያነብ ፕሮግራም) እየዞረ የሚያነብና የራሱን ኢንዴክስ የሚያከማች ግን ጥቂት ነው። ይህን ሳይለዩ ሥራ መጀመር ለአንድ ኢንዴክስ ሦስት ጊዜ መልፋት ይሆናል።

ያሁ በ2009 ከማይክሮሶፍት ጋር ተፈራርሞ የራሱን የፍለጋ ሥራ ትቷል፤ ከዚያ ወዲህ ውጤቱ በዋናነት ከቢንግ ነው። ዳክዳክጎም መደበኛ የድረ ገጽ ውጤቱን በአብዛኛው ከቢንግ ይወስዳል። ስታርትፔጅ በጉግል ውጤት ይታወቃል። ኢኮሲያ ከሁለቱም ይገዛ ነበር፤ በ2024 ከፈረንሳዩ ክዋንት ጋር ሆኖ የአውሮፓ ኢንዴክስ የሚገነባ ሽርክና አቋቁሟል። ብሬቭ በ2021 ቴይልካት የተባለውን የፍለጋ ቴክኖሎጂ ገዝቶ ጀመረ፤ በ2023 ከቢንግ ይወስደው የነበረውንም አቋርጦ ሙሉ በሙሉ በራሱ ኢንዴክስ ሆነ። የእንግሊዙ ሞጂክ ትንሽ ቢሆንም የራሱ ኢንዴክስ አለው። የሩሲያው ያንዴክስ ከ1997 ጀምሮ አለ።

ስለዚህ የሥራው ዝርዝር አራት ስም ብቻ ሆነ፦ ጉግል፣ ቢንግ፣ ያንዴክስ፣ ብሬቭ። ቢንግ ውስጥ የገባ ገጽ ያሁና ዳክዳክጎ ላይ ለመውጣት ሌላ ምዝገባ አያስፈልገውም። «ድረ ገጽዎን ለ500 የፍለጋ ሞተር እናስመዘግባለን» ለሚል አገልግሎት ገንዘብ መክፈል ከንቱ የሚሆነው በዚህ ነው። ባይዱ ለቻይንኛ ስለሆነ ተትቷል።

ጥገኝነቱ ምን ያህል እንደሆነ በ2025 ታይቷል። ማይክሮሶፍት ለሌሎች ውጤት ይሸጥበት የነበረውን የቢንግ ሰርች ኤፒአይ (ፕሮግራም ከፕሮግራም ውጤት የሚጠይቅበትን በር) ኦገስት 11 ቀን ዘጋው። የተለየ ውል ያላቸው ትልልቆቹ ቀጠሉ፤ ኤፒአዩን በካርድ እየከፈሉ ይጠቀሙ የነበሩ ትንንሾቹ ግን ሌላ ምንጭ መፈለግ ነበረባቸው።

ምዝገባ

ጉግል ሰርች ኮንሶል (ጉግል ለድረ ገጽ ባለቤቶች የሚሰጠው መከታተያ) ላይ «ዶሜይን» የሚለው ዓይነት ተመርጧል። ማረጋገጫው በዲኤንኤስ (የድረ ገጽ ስምን ከሰርቨሩ አድራሻ ጋር በሚያገናኘው መዝገብ) ውስጥ የሚገባ የቲኤክስቲ ሬኮርድ፣ ማለትም አጭር የጽሑፍ መስመር፣ ነው፤ ሰብዶሜይኖቹንና ሁለቱንም የኤችቲቲፒ ዓይነቶች በአንድ ላይ ይሸፍናል። በአድራሻ የሚመዘገበው ሌላኛው ዓይነት ግን የተጻፈለትን አድራሻ ብቻ ስለሚያይ፣ ከፊቱ ሦስቱ ደብልዩ ያለውና የሌለው እንደ ሁለት ድረ ገጽ ይቆጠሩበታል።

እዚህ የሚበላሸው አንድ ነገር ነው። አንዳንድ የዲኤንኤስ መቆጣጠሪያ ገጽ በ«ስም» ሳጥን ውስጥ የተጻፈው ላይ ዶሜይኑን ራሱ ይጨምራል። ሙሉ ዶሜይኑን ከጻፉበት ሬኮርዱ ዶሜይኑን ሁለት ጊዜ ደርቦ ይቀመጥና ማረጋገጫው አይገኝም። ሳጥኑ ውስጥ «@» ብቻ ማስገባት ይበቃል። ከተረጋገጠ በኋላም ሬኮርዱ አይሰረዝም፤ ጉግል በየጊዜው ተመልሶ ያየዋል። ሆስቲንግ ሲቀየር አብሮ የሚጠፋው ብዙ ጊዜ ይሄ ነው።

ቢንግ ዌብማስተር ቱልስ ከሰርች ኮንሶል በቀጥታ ያስመጣል፤ ማረጋገጫውም ሳይትማፑም (የገጾቹ አድራሻ ዝርዝር ፋይል) አብሮ ይመጣል። ያንዴክስ ዌብማስተር በዲኤንኤስ፣ በፋይል ወይም በሜታ ታግ ይረጋገጣል። ብሬቭ ምዝገባ የለውም።

ሮቦትስ ፋይል

ቦቶች የትኛውን ገጽ እንዲያነቡና እንዳያነቡ የሚነግረው ይህ ፋይል ትንሽ ነው፤ ጥፋቱ ግን ድረ ገጹን በሙሉ ያጠፋል። ልማዱ ከ1994 ጀምሮ ቢኖርም በይፋ ስታንዳርድ የሆነው በ2022 ነው። ሦስት ነገር ተስተካክሏል።

ለቢንግቦት ብቻ የተጻፈ ክፍል ነበር፤ ውስጡ ያለው «ክሮውል-ዲሌይ 10» (በሁለት ንባብ መካከል 10 ሰከንድ ቆይ) የሚል አንድ መስመር ነው። አንድ ቦት በስሙ የተጻፈ ክፍል ካገኘ ለሁሉም የተጻፈውን (የኮከብ ምልክት ያለበትን) ክፍል ይተወዋል፤ ሁለቱ አይደመሩም። ማለትም ለሁሉም የተከለከለው የአስተዳዳሪ ገጽና የውስጥ ፍለጋ ገጽ ለቢንግ ክፍት ሆኖ ነበር። ወይ ክልከላዎቹን በስሙ ክፍል ውስጥ መድገም፣ ወይ ክፍሉን ማንሳት። ተነሥቷል።

ክሮውል-ዲሌዩ ራሱም ሁሉም ዘንድ አይሠራም። ጉግል አያነበውም። ያንዴክስ ከ2018 ጀምሮ ትቶታል፤ ፍጥነቱ የሚስተካከለው በዌብማስተሩ ውስጥ ነው። ቢንግ ግን ያከብረዋል፦ 10 ሰከንድ ማለት በቀን ቢበዛ 8,640 ገጽ ማለት ነው፤ 30 ከተጻፈ ወደ 2,880 ይወርዳል። ለ1,800 ገጽ ይህም አይጎዳም። ሥዕሎቹ፣ የስታይል ፋይሎቹና የቆዩት አድራሻዎች ሲደመሩ ግን አዲሱ ገጽ ወረፋ ይጠብቃል።

ሁለተኛው፣ ከኢንዴክስ እንዲወጡ የተፈለጉ የቆዩ ገጾች ላይ «ኖኢንዴክስ» ተለጥፎ፣ በሮቦትስ ደግሞ እንዳይገባባቸው ተከልክሏል። ቦቱ ካልገባ ኖኢንዴክሱን አያየውም፤ ገጹም ከውጭ ሊንክ ካለው ያለ መግለጫ በባዶ አድራሻው ሊወጣ ይችላል። ክልከላው ተነሥቶ ኖኢንዴክሱ ብቻ ቀርቷል።

ሦስተኛው የኤአይ ቦቶች ጉዳይ ነው። «ጉግል-ኤክስቴንድድ»ን (ይዘቱን ለጉግል የኤአይ ሞዴሎች ለመከልከል የሚጻፈውን ስም) መከልከል ገጹን ከጉግል ፍለጋ አያስወጣም፤ ጉግል ከፍለጋው በላይ የሚያሳየውን የኤአይ ማጠቃለያም አይመለከተውም። እዚያ እንዳይጠቀስ የሚያደርገው «ኖስኒፔት» (ከገጹ ቅንጭብ አታሳይ የሚል ምልክት) ነው፤ እሱ ግን ከመደበኛው ውጤት ሥር ያለውን መግለጫም ይዞ ይጠፋል። ኦፕንኤአይ ጋ ሁለት የተለያዩ ስሞች አሉ፦ ለሥልጠና የሚሰበስበው «ጂፒቲቦት»፣ ለፍለጋ የሚዞረው «ኦኤአይ-ሰርችቦት»። አንዱን መከልከል ሌላውን አይነካም። እዚህ ፕሮጀክት ላይ ሁለቱም ተፈቅዶላቸዋል፤ የአማርኛ ሕግ መረጃ ሰዉ በሚጠይቅበት ሁሉ ቢገኝ ይሻላል። የዜና ድረ ገጽ ቢሆን ሌላ ክርክር ነበረው።

ለብሬቭ የተለየ መስመር የለም። ቦቱ ራሱን በስም አይገልጽም፤ ለጉግልቦት የተከለከለውን ግን አይነካም። አፕልቦትም በስሙ የተጻፈለት ካጣ የጉግልቦትን መመሪያ ይከተላል። ለጉግልቦት የሚጻፍ ክልከላ እንግዲህ ለሦስት ይተርፋል ማለት ነው።

ፋየርዎልና ሎግ

ሰርቨሩ ፊት ያለው ፋየርዎል (የጥያቄዎች ማጣሪያ) ከተወሰኑ አገሮች ውጭ የሚመጣውን ጥያቄ ሁሉ በ403 («አይፈቀድም») ይመልስ ነበር። የጉግል ቦት በአብዛኛው ከአሜሪካ አይፒ (የኢንተርኔት አድራሻ ቁጥር) ስለሚመጣና አሜሪካ ክፍት ስለነበረች ችግሩ ከሰርች ኮንሶል አይታይም። ያንዴክስ ላይ ግን በር ተዘግቷል። በአገር ማገድ ከነገሩ ሁሉ የማይረባው መፍትሔ ነው፤ አጭበርባሪው ቪፒኤን አለው፣ ቦቱ የለውም።

የቦት ስም ይዞ የመጣ ሁሉ ቦቱ ነው ማለት አይደለም። ማጣሪያው ሁለት እርምጃ አለው። ከሎጉ (ከሰርቨሩ የጥያቄዎች መዝገብ) አይፒውን ወስዶ በሪቨርስ ዲኤንኤስ (ከቁጥሩ ወደ ስሙ በሚመልሰው) ስሙን ማየት፤ የጉግል ከሆነ በጉግልቦት ዶት ኮም ወይም በጉግል ዶት ኮም፣ የቢንግ ከሆነ በሰርች ዶት ኤምኤስኤን ዶት ኮም፣ የያንዴክስ ከሆነ በያንዴክስ ዶሜይኖች ማለቅ አለበት። ቀጥሎ ያንን ስም መልሶ ወደ አይፒ መቀየርና ከመጀመሪያው ጋር መግጠሙን ማረጋገጥ። ሁለተኛው እርምጃ ከተዘለለ ማንም የራሱን ሪቨርስ ሬኮርድ እንደፈለገ ጽፎ ያልፋል።

ሎጉ ውስጥ አስቀድሞ የሚታየው የሮቦትስ ፋይሉ መልስ ነው። 404 («ፋይሉ የለም») ከሆነ ችግር የለም፤ «ክልከላ የለም» ተብሎ ይነበባል። 500 ወይም 503 (የሰርቨር ስሕተት) ከሆነ ግን ጉግል ድረ ገጹ በሙሉ እንደተከለከለ ቆጥሮ ለጊዜው መዞር ያቆማል። የመብራት ወይም የመስመር መቆራረጥ ያለበት ሰርቨር ላይ «ገጾቻችን ለምን ዘገዩ?» ለሚለው አንዱ መልስ ይሄ ነው።

ሳይትማፕ

ተፎካካሪዎቹ አብረው ከተስማሙባቸው ጥቂት ነገሮች አንዱ ነው፤ ጉግል በ2005 ጀመረው፣ በ2006 ያሁና ማይክሮሶፍት ተቀበሉት። አንድ ፋይል እስከ 50,000 አድራሻ ወይም ሳይታመቅ እስከ 50 ሜጋባይት ይይዛል። 1,800 ገጽ በአንዱ ይበቃ ነበር፤ ግን በርዕስ ለስድስት ተከፍሏል። ምክንያቱ፣ ሰርች ኮንሶል የኢንዴክስ ሪፖርቱን በሳይትማፕ ለይቶ ስለሚያሳይ የትኛው ክፍል እንደቀረ ወዲያው ይታያል።

ዋናው ጉዳይ «ላስትሞድ» (ገጹ መጨረሻ የተቀየረበት ቀን) ነው። ድረ ገጹን የሚያስተዳድረው ሶፍትዌር ገጾቹን እንደገና ባጠናቀረ ቁጥር ለ1,800ውም የዛሬን ቀን ይለጥፍ ነበር። ሁልጊዜ «ዛሬ ተቀይሯል» የሚል ሳይትማፕ እምነት ያጣል፤ ጉግልም ላስትሞድን የሚጠቀመው ትክክለኛ ሆኖ ሲያገኘው ብቻ ነው። አሁን ቀኑ የሚለወጠው የጽሑፉ አካል ሲቀየር ነው፤ ከሥር ያለው የግርጌ ማስታወቂያ ሲቀየር አይደለም። «ፕራዮሪቲ» (የገጹ ቅድሚያ) እና «ቼንጅፍሪክ» (በየስንት ጊዜ እንደሚቀየር) ወጥተዋል፤ ጉግል አያያቸውም።

አድራሻዎቹ በግዕዝ ፊደል ነበሩ። ያምራል፤ ግን እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 (ፊደል በኮምፒውተር በሚቀመጥበት ኮድ) ሦስት ባይት ስለሆነ አድራሻ ውስጥ ሲገባ 9 ምልክት ይሆናል። የ30 ፊደል ርዕስ 270 ምልክት ማለት ነው። ቴሌግራም ላይ ተገልብጦ ሲለጠፍ የመቶኛ ምልክት ጫካ ይሆናል፤ ተቆርጦ ከተላከ ደግሞ ወደ 404 ይሄዳል። ከዚህ የባሰው የፊደል ጉዳይ ነው፦ አንዱ አዘጋጅ «የሥራ-ውል»፣ ሌላው «የስራ-ውል» ብሎ ሊንክ ሲሰጥ ሁለቱ የተለያዩ አድራሻዎች ናቸው። አዲስ ገጾች በላቲን ፊደል አጭር አድራሻ ይሰጣቸዋል፤ የቆዩት በ301 (በቋሚ ማዛወሪያ) ወደ አዲሱ ይመራሉ።

ኢንዴክስናው

ማይክሮሶፍትና ያንዴክስ በ2021 ያወጡት አሠራር ነው፤ ገጽ ሲቀየር ቦቱን ከመጠበቅ ለፍለጋ ሞተሩ ራስዎ ይነግሩታል። የኮሪያው ኔቨርና የቼኩ ሴዝናምም ገብተውበታል፤ ለአንዱ የተነገረው ለሌሎቹ ይደርሳል። ጉግል የለበትም። ጉግል ቀድሞ የነበረውን የሳይትማፕ ፒንግ እንኳ በ2023 እንደሚዘጋ አስታውቆ ዘግቶታል፤ ኢንዴክሲንግ ኤፒአዩም የሥራ ማስታወቂያና የቀጥታ ስርጭት ላላቸው ገጾች ብቻ ነው። ጉግል ጋ ያለው መንገድ ሳይትማፕና ትዕግሥት ነው። ትንሹ ተፎካካሪ የገጽ ባለቤቱን ይለምናል፣ ትልቁ ያስለምናል።

አሠራሩ፦ ከ8 እስከ 128 ምልክት ያለው ቁልፍ ይፈጠራል፤ ቁልፉ ራሱ ስሙም ይዘቱም የሆነ የጽሑፍ ፋይል በድረ ገጹ ሥር ይቀመጣል፤ ከዚያ የተቀየሩት አድራሻዎች በአንድ ጥያቄ እስከ 10,000 ድረስ ይላካሉ። መልሱ 200 ከሆነ ደርሷል። 202 ከሆነ ደርሷል፣ ቁልፉ ግን ገና አልተረጋገጠም። 403 ቁልፉ አልተገኘም ወይም አይገጥምም ነው፤ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ፋየርዎሉ ወይም ፋይሉ መጨረሻ ላይ የገባ ትርፍ ነገር ነው። 422 አድራሻዎቹ የዚያ ዶሜይን አይደሉም፤ ሦስቱ ደብልዩ ያለውንና የሌለውን መቀላቀል ይህን ያመጣል። 429 በዝቷል፣ ቆይ ማለት ነው። 1,800ውን በየቀኑ መላክ ወደዚህ ያደርሳል፤ የሚላከው የተቀየረው ብቻ ነው። ደግሞም 200 ማለት «ሰምቻለሁ» እንጂ «አስገብቻለሁ» አይደለም።

ፊደል

ከሥራው ሁሉ ብዙ ጊዜ የወሰደውና ስለ እንግሊዝኛ የተጻፈ መመሪያ የማይረዳበት ክፍል።

«ፀሐይ»ን አንባቢ በስንት መንገድ ሊጽፈው ይችላል? ፀ ወይም ጸ፣ ሁለት። መሐሉ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ፣ ስድስት። 12 ነው። «ኃይለ ሥላሴ» ደግሞ በስድስቱ ሀ፣ በሁለቱ ሥ፣ በሁለቱ ሴ 24 ይሆናል፤ ተለያይቶ ወይም ተጣብቆ ሲጻፍ 48። የዩኒኮድ መደበኛ ማስተካከያ እዚህ አይረዳም፤ ለእሱ ሀና ሐ እንደ መ እና ረ የተለያዩ ፊደሎች ናቸው። እያንዳንዱ የፍለጋ ሞተር ይህን የሚያገናኘው፣ ካገናኘው፣ በራሱ የተመሳሳይ ቃል ወይም የፊደል ስሕተት ማስተካከያ ነው፤ ያም ከሚያገኘው የአማርኛ ጥያቄ ብዛት ይማራል። ተጠቃሚ የበዛለት የበለጠ ይማራል፣ የበለጠ የተማረው ተጠቃሚ ይበዛለታል። በትንሽ ቋንቋ ላይ የውድድሩ ክፍተት የሚሰፋው እዚህ ጋ ነው።

ገጹ ላይ የተደረገው፦ ርዕሱ በአንድ የቤት አጻጻፍ ይጸናል («የሥራ ውል»)። ሰው በእርግጥ የሚጽፈው ሌላ አጻጻፍ («የስራ ውል») በጽሑፉ አካል አንድ ቦታ በተፈጥሯዊ ዓረፍተ ነገር ይገባል፤ ለምሳሌ ብዙ ጊዜ በሚጠየቁ ጥያቄዎች ውስጥ አንባቢ እንደሚጠይቀው አድርጎ። 12ቱን ወይም 48ቱን ከገጹ ሥር መደርደር ክልክል ነው፤ ቃል ማጨቅ ተብሎ በጉግልም በቢንግም ያስቀጣል፣ ለአንባቢም ያስጠላል።

አሕጽሮት ሌላው ወጥመድ ነው። «ጠ/ፍ/ቤት» በእዝባሩ ምክንያት ሦስት ቁራጭ ይሆናል፦ ጠ፣ ፍ፣ ቤት። ከሦስቱ ትርጉም ያለው «ቤት» ብቻ ነው፣ እሱም የተሳሳተ ትርጉም። በእያንዳንዱ ገጽ የመጀመሪያው ጥቅስ «ጠቅላይ ፍርድ ቤት» ተብሎ በሙሉ ይጻፋል፣ ከዚያ በኋላ አሕጽሮቱ ይቻላል። «ት/ቤት»፣ «መ/ቤት» እንዲሁ።

የአዋጅ ቁጥር ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በአማርኛ አዋጅ ቁጥር 213/1992 ነው፤ በእንግሊዝኛው ዓምድ 213/2000። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ 1156/2011 ነው፤ በእንግሊዝኛው 1156/2019። ውጭ ያለው ጠያቂ ከእንግሊዝኛ ሰነድ ያገኘውን ቁጥር ይዞ በአማርኛ ይፈልጋል፣ አይገጥምለትም። ገጾቹ አሁን ሁለቱንም ይጠቅሳሉ፦ «አዋጅ ቁጥር 213/1992 ዓ.ም. (በእንግሊዝኛው 213/2000)»። በግዕዝ ቁጥር የተጻፈው (፪፻፲፫/፲፱፻፺፪) ባለበት ይቆይ፤ ርዕስ ውስጥ ግን ተራው አኃዝ ይግባ።

ሥርዓተ ነጥብ፦ ሁለት ነጥብ (፡) በዩኒኮድ ሥርዓተ ነጥብ ተብሎ እንጂ ባዶ ቦታ ተብሎ አልተመደበም። ቃላትን በባዶ ቦታ ብቻ የሚለይ ቀላል ፕሮግራም «ሕግ፡አውጪ፡አካል»ን እንደ አንድ ቃል ይወስዳል። አራት ነጥቡም በሦስት መልክ ተገኝቷል፦ ትክክለኛው «።»፣ ሁለት ሁለት ነጥብ የተደረደረበት «፡፡»፣ እና የላቲን ኮሎን የተደገመበት «::»። ሦስቱ ዓይን ላይ አንድ ይመስላሉ። ሁሉም ወደ «።» ተቀይረዋል። እግረ መንገድ፦ በአማርኛ ኪቦርድ የፍለጋ ማጥበቢያ ትእዛዝ የሚጽፍ ሰው ከ«ሳይት» ትእዛዝ በኋላ «፡» ከነካ ትእዛዙ አይሠራም፣ የላቲኑ ኮሎን መሆን አለበት። የሚወጣው የውጤት ብዛትም ግምት ነው፤ ከሪፖርቱ ጋር አይመሳከር።

የድረ ገጹ የውስጥ ፍለጋ በኢላስቲክሰርች (የፍለጋ ሶፍትዌር) ላይ ነው። ለአማርኛ የተዘጋጀ አናላይዘር (ጽሑፉን ለፍለጋ የሚያዘጋጅ ክፍል) አብሮ ስለማይመጣ የፊደል መቀየሪያ ማጣሪያ በእጅ ተጽፏል። የሐ፣ የኀ፣ የሠ፣ የዐ እና የፀ ሰባት ሰባት ፊደላት፣ 35 መስመር፤ ሃ ወደ ሀ፣ ኣ ወደ አ፣ ሧ ወደ ሷ ሲጨመር 38። የሚሳሳቱበት ቦታ፦ ማጣሪያው አንድ ጊዜ ብቻ ያልፋል፣ ያወጣውን መልሶ አያይም። «ሓ ወደ ሃ» ተብሎ ከዚያ «ሃ ወደ ሀ» ቢጻፍ ሓ ሃ ላይ ይቆማል። ሓ እና ኃ በቀጥታ ወደ ሀ፣ ዓ በቀጥታ ወደ አ መላክ አለባቸው። ኸ ተትቷል፤ በብዙ ቃል ከ ሀ ጋር አይለዋወጥም። ማጣሪያው ገጹ ወደ ኢንዴክሱ ሲገባም ሰው ሲፈልግም መሥራት ስላለበት ኢንዴክሱ በሙሉ እንደገና ተገንብቷል።

የነጋሪት ጋዜጣ ፒዲኤፎች

ነጋሪት ጋዜጣ አማርኛው በግራ፣ እንግሊዝኛው በቀኝ ዓምድ ነው። ጽሑፉ በመስመር ሲወጣ የአማርኛው ግማሽ መስመርና የእንግሊዝኛው ግማሽ መስመር ተጋጥመው ይመጣሉ፤ ማንም ሞተር ከዚያ ሐረግ አያገኝም። መፍትሔው ዓምዱን ቆርጦ ማውጣት ነው። በኤፎር ገጽ ላይ ስፋቱ 595 ነጥብ ስለሆነ ግራው እስከ 297 ይቆረጣል፤ ዓምዱ መሐል ላይ ካልሆነ በዓይን እየታየ ይስተካከላል።

የቆዩት ፋይሎች ከዩኒኮድ በፊት በነበሩ ፎንቶች ተጽፈዋል። ስክሪን ላይ አማርኛ ይታያል፤ ተገልብጦ ሲለጠፍ የላቲን ፊደልና የምልክት ቅልቅል ይሆናል። ቦቱ የሚያነበው ያንን ቅልቅል ነው። መለያው ቀላል ነው፦ ከአማርኛው ዓምድ በወጣው ጽሑፍ ውስጥ የግዕዝ ፊደላት ድርሻ ከግማሽ በታች ከሆነ ፋይሉ ወደ ኦሲአር (ፊደልን ከገጹ ሥዕል ወደሚያነብ ፕሮግራም) ይሄዳል። ቴሰራክት በአማርኛ ሞዴሉ፣ በ300 ዲፒአይ። በቅርጽ የሚቀራረቡት ፊደላት (ዐ እና ፀ፣ ሉ እና ሱ) በሰው ዓይን ይታያሉ፤ የአንቀጽ ቁጥሮችም አብረው። ከዚያ ጽሑፉ እንደ ተራ ገጽ ይወጣል፤ ፒዲኤፉ ከሥሩ ለማውረድ ይቀመጣል።

ማነጻጸሪያው

40 የጥያቄ ጥንዶች ተዘጋጅተዋል። አንድ ፍላጎት በሁለት አጻጻፍ፦ «የውርስ ሕግ» / «የውርስ ህግ»፣ «ፍርድ ቤት» / «ፍርድቤት»፣ «ውክልና» / «የውክልና አሰጣጥ»። በእጅ ነው የሚሠራው፤ በፕሮግራም ውጤት መልቀም የአገልግሎት ደንቡን ይጥሳል። በግል መስኮት፣ ከአካውንት ወጥቶ፣ በአንድ መስመር፣ በአንድ ሰዓት አካባቢ። ጠዋት አንዱን፣ ማታ ሌላውን ማነጻጸር የሰዓቱን ልዩነት የሞተሩ ልዩነት ያስመስላል።

የሚመዘገበው የመጀመሪያዎቹ 10 ውጤቶች ነው። ለመደራረብ መለኪያው የጋራው ሲካፈል ለጠቅላላው ነው። ሁለት ዝርዝር 7 የጋራ ካላቸው ጠቅላላው 13 ነው፣ 0.54። የጋራው 3 ብቻ ከሆነ 3 ለ17፣ 0.18። አንዱ ሞተር በሁለቱ አጻጻፍ መካከል 0.18 ካወጣ ፊደሎቹን አያገናኝም ማለት ነው። ሁለት ሞተሮች በብዙ ጥያቄ ከፍ ያለ ቁጥር ካወጡ ደግሞ ምንጫቸው አንድ ሊሆን ይችላል፤ ቢንግን ከዳክዳክጎ ጋር ማስተያየት መለኪያው ራሱ እንደሚሠራ ይፈትሻል።

ለጥራት ሁለት ሰው ተለያይተው 0፣ 1 ወይም 2 ይሰጣሉ፤ የየትኛውን ሞተር ውጤት እንደሚያዩ አያውቁም። ነጥቡ በቦታው ይመዘናል፦ አንደኛው 1፣ ሁለተኛው 0.63፣ ሦስተኛው 0.5፣ አሥረኛው 0.29። ሁለቱ ሰዎች ከተለያዩ ጥያቄው ይታያል እንጂ አማካይ አይወሰድም፤ ብዙ ጊዜ ልዩነቱ የሚመጣው «የንግድ ፈቃድ» ሲባል ለማውጣት ነው ወይስ ለማደስ ከሚለው ነው።

በሰርች ኮንሶል ብቻ መተማመን አይበቃም። የጥያቄ ዝርዝሩ በሁለት ሦስት ወር ውስጥ ከጥቂት ደርዘን ሰዎች በላይ ያልጠየቁትን ለግላዊነት ሲል ይደብቃል። በእንግሊዝኛ ይህ ጫፍ ላይ ያለው ብቻ ነው። በአማርኛ ግን አንድ ጥያቄ በ12 አጻጻፍ ሲበተን እያንዳንዱ ከወለሉ በታች ሊወርድ ይችላል፤ ፍላጎቱ አለ፣ ሰንጠረዡ ላይ የለም። ጠቅላላው ክሊክ ከጥያቄዎቹ ድምር የሚበልጠው ለዚህ ነው። ገበታው 1,000 መስመር ብቻ ያሳያል፤ በአንድ የኤፒአይ ጥሪ እስከ 25,000 ይወጣል። መረጃው የሚቆየው 16 ወር ስለሆነ በየወሩ ወደ ውጭ ይገለበጣል።

የሚታይ ጉዳይ፦ የፍርድ ቤቱ ውሳኔ

ጉግል በ2021 በብሮውዘርና በስልክ ላይ ቀዳሚ የፍለጋ ሞተር ሆኖ ለመቀመጥ 26.3 ቢሊዮን ዶላር እንደከፈለ በዋሽንግተኑ የጉግል ሞኖፖሊ ክስ ችሎት ወጥቷል። ዳኛ አሚት ሜህታ ኦገስት 5 ቀን 2024 ጉግል ሞኖፖሊውን በሕገ ወጥ መንገድ ጠብቋል ብለው ወሰኑ፤ ሴፕቴምበር 2 ቀን 2025 በሰጡት የመፍትሔ ውሳኔ ክሮም እንዲሸጥ አላዘዙም፣ ብቸኛ የሚያደርጉ ውሎችን ግን ከለከሉ፣ የተወሰነ የኢንዴክስና የተጠቃሚ መረጃም ብቁ ለሆኑ ተፎካካሪዎች እንዲጋራ አዘዙ። ክፍያው ራሱ አልተከለከለም። ለዚህ ሥራ የሚመለከተው የመረጃ መጋራቱ ነው፦ የተጠቃሚ መረጃው ለትንንሾቹ ከደረሰ «ህግ» የጻፈውን ወደ «ሕግ» የማድረስ አቅማቸው ሊሻሻል ይችላል። ስለዚህ 40ዎቹ ጥንዶች አይቀየሩም፤ በየሩብ ዓመቱ እንዳሉ ይጠየቃሉ፣ ቁጥሩ ከቁጥሩ ጋር እንዲነጻጸር።

ቀሪ ሥራ

በኦሲአር ካለፉት አዋጆች የአንቀጽ ቁጥራቸው በሰው ያልታየ አለ፤ ሳይታይ ሳይትማፕ ውስጥ አይገባም። የቆዩት የግዕዝ አድራሻዎች ወደ አዲሱ በአንድ ዝላይ መሄዳቸው ይፈተሻል፤ ሁለትና ሦስት 301 የተቀጣጠሉበት ቦታ ካለ ይቆረጣል። ኢንዴክስናው ከ202 ወደ 200 መዞሩ በሎጉ ይታያል። ከያንዴክስ ቦት የሚመጣ 403 ከቀጠለ ፋየርዎሉ ውስጥ ሌላ ደንብ አለ ማለት ነው፤ ከላይ ወደ ታች አንድ በአንድ እየጠፋ ይሞከር።